ከፈረሰ ቤት እንጨት የማይነቃነቅ የአናጺ ጠረጴዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ፍኖተ ሰላም ላይ የፈረሰ የጭቃ ቤት እንጨት በርካሽ ገዝተሃል፤ ቋሚው ጥድ፣ ጣሪያው የባሕር ዛፍ ሞራሌ። ስትልግበት የማይሸሽ የሥራ ጠረጴዛ ይወጣዋል ወይ፣ እግሩንስ በቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት በሆነው ብረት፣ ላስበይደው ወይ ነው ያልከው። ይወጣዋል። ቱቦላሬውን ተወው። ቀጭኑ ይንቀጠቀጣል፤ ወፍራሙን ከገዛህ ደግሞ ርካሽነቱ ቀረ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር የሠራሁት፣ በሚስማር ጠርቅሜ። ላዩ ወፍራም ስለነበር ኮራሁበት። በጋው ሳያልቅ እንደ ኮርቻ ተጣመመ። ከዚያ የባሰው ግን መሄዱ ነው። ጠዋት ግድግዳ ሥር አስጠግቼው ከሰዓት በሩ ጋ አገኘዋለሁ። ረዳቴ ላዩ ላይ እየተቀመጠ ይይዝልኝ ነበር። ልጁ ደሞዙን የሚያገኘው በመቀመጥ ነው ብለው ጎረቤቶች ይስቁብን ነበር።

ያኔ የገባኝ፣ ጠረጴዛን የሚያጸናው የላዩ ውፍረት ሳይሆን የእግሩ መጋጠሚያ መሆኑ ነው። ስትልግ ግፊቱ ወደ ጎን ነው። ሚስማር ወደ ጎን ሲገፋ ቀስ በቀስ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ይወዛወዛል።

ሁለተኛውን እንደ አንተ ከፈረሰ ቤት ሠራሁት። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። የአሮጌ ቤት እንጨት ጥቅሙ መድረቁ ነው። ስንት ዓመት ጭስ ጠጥቶ፣ መጣመም ያለበትን ተጣሞ ጨርሷል።

መጀመሪያ አጽዳው። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጭቃና ጭድ የመጋዝህን ጥርስ ይበላዋል። በሽቦ ብሩሽ አራግፈው። ሚስማሩን በጉጠት ንቀል፤ ራሱ የተቆረጠውን ግን ዓይን አያየውም። የተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ካለህ ማግኔቱን አውጣና በእንጨቱ ላይ ቀስ ብለህ ሂድበት። ሳብ ያደረገበት ቦታ ሚስማር አለ። እኔ ይህን ሳላውቅ መላጊያዬ አንድ ቀን ቂጭ አለች። ስለቷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጉርድ። ከዚያ በኋላ የላግሁት ጣውላ ሁሉ ላይ ቀጭን መስመር እየተወች ትሄድ ነበር፤ እስክትሳል ድረስ።

መሬት ውስጥ የነበረውን የቋሚውን ጫፍ አትመነው። ጥድ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፤ ግን በመዶሻ ምታው። ባዶ ድምፅ ካወጣ ጤነኛው እስኪመጣ ቁረጥ።

ለእግር አራቱን ጤነኛ ቋሚ 10 በ10 ሳንቲም አድርገህ ጥረባቸው። ከፍታውን ከሰው አትቅዳ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ እጅህን ልቀቅ፣ መዳፍህን ወደ መሬት ዘርጋ። መዳፍህ ያለበት ላይ ነው። እኔ ዘንድ 85 ሳንቲም መጣ።

አሁን ዋናው። እግሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዙትን አግዳሚዎች በሚስማር አትምታ። የአግዳሚውን ጫፍ ቀንሰህ ምላስ አውጣለት፣ እግሩ ላይ ደግሞ የምላሱን ልክ ቀዳዳ በመሮ አውጣ። የምላሱ ውፍረት የአግዳሚው ሲሶ ይሁን፤ 6 ሳንቲም ከሆነ 2 ሳንቲም። ቀጥሎ ምላሱን ሳታስገባ እግሩን ከጎን በመሰርሰሪያ ብሳው። ምላሱን አስገባና በዚያው ቀዳዳ በኩል ምልክት አድርግበት። መልሰህ አውጣው፤ ከምልክቱ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው፣ ማለትም ምላሱ ከአግዳሚው ወደሚጀምርበት፣ አስጠግተህ ብሳው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ልክ በልክ እንዳይገጥሙ ነው የምንፈልገው። ከደረቅ ወይራ ጫፉ የሾለ የእንጨት ሚስማር ጥረብና ምታው። ሲገባ አግዳሚውን ወደ እግሩ እየጎተተ ሲጥ ያደርገዋል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ኮላ እንኳን አላደረግሁም።

ኪራይ ቤት ከሆንክ የረዥሞቹን አግዳሚዎች ምላስ እግሩን አልፎ እንዲወጣ አርዝመው፣ በሽብልቅ ቆልፈው። ስትለቅ ነቅለህ ትሄዳለህ። በጋ እንጨቱ ሲኮማተር ሽብልቁን አንዴ መታ ማድረግ ብቻ ነው። የታችኛው አግዳሚ ላይ ሳንቃ ደርድርና ድንጋይ ጫንበት። ጎጃም ውስጥ ድንጋይ አይጠፋም።

ለላዩ ሞራሌዎቹን በጎናቸው አቁመህ በኮላ አጣብቅ፤ ሦስት ሦስት እያደረግህ። መቆንጠጫ ከሌለህ በገመድ እሰርና ዱላ አስገብተህ አጥብቀው። ሲደርቅ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች በሁለቱ ጫፎች ላይ አጋድምና ዝቅ ብለህ በአንድ ዓይን እይ። ጠርዛቸው ካልገጠመ ላዩ ጠማማ ነው፤ ከፍ ያለውን ላግ። ከእግሩ ጋር ስታያይዘው በአንተ በኩል በብሎን አጥብቀው፣ በኋላ በኩል ግን የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርገው። ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ካጣ ይሰነጠቃል።

ቅባት የተልባ ወይም የኑግ ዘይት ይበቃዋል። በስሱ ቀብተህ ጥረገው። ጨርቁን ግን ጠቅልለህ ጥግ አትጣል፤ በተለይ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ከተቆለለ በራሱ ግሎ ይነዳል። ዘርግተህ አድርቀው። ከእግሮቹ ሥር የጎማ ቁራጭ አድርግበት።

ሞርሳ፣ እንጨቱን ጨብጦ የሚይዘው መሣሪያ፣ ለጊዜው ባይኖርህ አትጨነቅ። በግራ ጫፍ ማቆሚያ እንጨት አስገብተህ ጣውላውን በሽብልቅ አስጨንቀው፤ እኔ ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠርቻለሁ።

ከመቁረጥህ በፊት የቋሚዎቹን የታች ጫፍ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልኝ፣ አብረን እንየው።