በእሳት ውስጥ ስለፈነዱት ራሶች

ጥያቄ፦ የሰው ራስ በሸክላ ጭቃ መቅረጽ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ጎን ለጎንም በከሰል እሥላለሁ፤ እንጨትም እጠርባለሁ። በቅርቡ ከሠራኋቸው አምስት ራሶች ሦስቱ በእሳት ውስጥ ፈነዱብኝ። ወዳጆቼ «አንዱን ሙያ ይዘህ ብትጸና ኖሮ ይህ ባልደረሰብህ» ይሉኛል። እውነት ነውን?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ራሶቹን ያፈነዳቸው ከሰሉም ሆነ እንጨቱ ሳይሆን ውሃ ነው። ወፍራም ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያልና፣ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ያ ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ቅርጹን ይበረግደዋል። ስለዚህ ጭቃው ጠንከር ብሎ፣ ነገር ግን ገና ቢላዋ በሚቀበልበት ጊዜ፣ አናቱን በቀጭን ሽቦ እንደ ክዳን ቆርጠው ያንሱና ግድግዳው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ ውስጡን ይፈልፍሉ። ከዚያም የተቆረጡትን ጠርዞች ጫር ጫር አድርገው፣ በውሃ የቀጠነ ጭቃ ቀብተው ክዳኑን ይመልሱ፤ ከአንገቱ ሥር ቀዳዳ መተውንም አይርሱ። በፕላስቲክ ተሸፍኖ ለሳምንታት ቀስ ብሎ ይድረቅ። ሸክላ ሠሪዎቻችን ገል ፈጭተው ከጭቃው ጋር የሚያቦኩት ለዚሁ ነው፤ የተፈጨው ገል ጭቃው ሲደርቅ እንዳይኮማተር ያግዛል፤ ለእንፋሎቱም መንገድ ይከፍታል። (በዚህ ጉዳይ ጀበና ሠርተው ገበያ የሚያወጡት እናቶች ከእኔ የተሻሉ አማካሪዎች ናቸው።)

ወዳጆችዎ ባሉት ግን አልስማማም። ፈረንሳዊው ኤድጋር ደጋ የሚታወቀው በሠዓሊነቱ ነው፤ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያሳየው ቅርጽም እ.ኤ.አ. በ1881 ያቀረባት አንዲት ትንሽ ዳንሰኛ ብቻ ነበረች። በ1917 ሲሞት ግን በሥዕል መሥሪያ ክፍሉ ከሰምና ከጭቃ የተሠሩ 150 ያህል ቅርጾች ተገኙ። ብዙዎቹ ተሰባብረው ነበር፤ ሰውየው የጠርሙስ ቡሽና የብሩሽ እጀታ ሳይቀር በውስጣቸው ይጠቀጥቅ ነበርና፣ ጥንቃቄው ደካማ እንደነበረ መካድ አይቻልም። ሆኖም በሸራ ላይ የሣላቸውን የዳንሰኞችና የፈረሶች አካል በጣቶቹ የመረመረው በእነዚሁ ነው።

እርስዎም ጭቃ ከመንካትዎ በፊት ፊቱን ከጎንና ከኋላ ጭምር በከሰል ይሣሉት፤ አናቱን ከፍተው ሲፈለፍሉም እንጨት የለመደው እጅዎ ይጠቅምዎታል። የፈነዱትን ስባሪዎች አይጣሏቸው፤ በሚቀጥለው እሳት በሚገባ ከበሰሉ በኋላ ፈጭተው ከስድስተኛው ራስ ጭቃ ጋር ያቡኳቸው።