እብጠቱ ጎደለ፣ ክኒኑም ቀረ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ጅማ ነው። የቆየ ደም ብዛት አለባት። ከሁለት ወር በፊት እግሯ አብጦ፣ ሌሊት ትንፋሽ እያጠራት ስትቸገር ሐኪም ቤት ወሰድኳት። «የልብ ድካም ነው» አሉን። መድኃኒቱን ስትጀምር እብጠቱ ጠፋ። እሷም «ድኛለሁ» ብላ ክኒኑን ተወችው። አሁን ግን ሦስት ትራስ ካልደረበች እንቅልፍ አይወስዳትም። በሽታው አይድንም ማለት ነው?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ የትራሱ ነገር ነው። ሰው ጋደም ሲል እግር ላይ የቆየው ፈሳሽ ወደ ደረት ይመለሳል። የደከመ ልብ ያን ሁሉ መግፋት ስለማይችል ውሃው ሳንባ ውስጥ ይቋጥራል። ስለዚህ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። ጭራሽ መተኛት ካቃታቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስሙ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ልባቸው አልቆመም፤ ይመታል፣ ግን አቅም አንሶታል። ደም ብዛት ለዓመታት ሲያስጨንቀው የልብ ጡንቻ መጀመሪያ ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ኋላ ይዝላል። በወጣቶች ላይ ደግሞ በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልብ በር መበላሸትን ደጋግመን እናያለን።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥተው ከሆነ ወረቀቱ ላይ በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ። ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚረጭ ይናገራል። 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ መግፋቱ ደክሟል። ከ50 በላይ ሆኖም የልብ ድካም ሊኖር ይችላል፤ ልቡ ደድሮ በደንብ አይሞላም። ሕክምናው ስለሚለያይ ቁጥሩን ይጠይቁ። ከዚህ ሌላ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የደረት ራጅ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይታዘዛል።

አሁን ወደ ክኒኑ። እብጠቱን ያጎደለው ላሲክስ ነው፤ ውሃ ያስወጣል እንጂ ልብን አይጠግንም። እንደ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉት ግን በተለይ ልቡ መግፋት ለደከመበት ሰው ሸክሙን እያቀለሉ ዕድሜ ያራዝማሉ። ችግሩ ሥራቸው በዓይን አይታይም። የእግር እብጠት ሲጎድል ሰው «ለምን እውጣለሁ?» ይላል። አልፈርድባቸውም። ለጥያቄዎ መልሱ፦ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ስኳርና ደም ብዛት የዕድሜ ልክ ክትትል ነው። ግን የቀረውን ክኒን ቤት ውስጥ በራሳችሁ አትጀምሩት። በተለይ ካርቬዲሎልን ሳንባ ውሃ በያዘበት ሰዓት ከነበረበት መጠን መጀመር ሊያባብስ ይችላል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣባቸውም ይናገሩ፣ ይቀየራል። ለጉልበት ሕመም ተብሎ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ውሃ ይይዛል፤ ይቅርባቸው።

ጨውስ? ቡናን ከጅማ ሰው ቀምቼ የት እገባለሁ! ቡናው ይጠጣ፤ ጨው ጣል የሚደረግበት ከሆነ ግን ጨውዋ ትቅር። ከአቦል እስከ በረካ ሲደመር ቀላል አይደለም። በርበሬና ሽሮም ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡ ላይ ሌላ አይጨመር። ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ሚዛን ካገኙ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ ውሃ ነው፤ እግር እስኪያብጥ አይጠበቅም። ሚዛን ከሌለ የጫማቸውን ጥበትና የትራሱን ቁጥር ይከታተሉ።

ስትሄዱ የቀሩትን ክኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያቆሙበትንም ቀን አትደብቁ፤ ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ።