በዲስቲልድ ውሃ የሚለቀው ቀለም በጣና ውሃ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በተለበጠ ኤሌክትሮድ፣ በ365 ናኖሜትር የዩቪ መብራትና በ1 ቮልት ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም እናፈርሳለን። ሶዲየም ሰልፌት ባለበት ዲስቲልድ ውሃ ሰማያዊው በ2 ሰዓት ይጠፋል። ከጣና በቀዳነው ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ ብንጠብቅም አይለቅም። ሐይቁ የራሱ ጨው አለው ብለን ምንም አልጨመርንም። ኤሌክትሮዱ ተበላሽቶ ይሆን? የገበታ ጨውስ ብንጨምር?

መልስ፦ ኤሌክትሮዱን ለመጣል አይቸኩሉ። መብራቱን እያበሩ እያጠፉ አምፔር መለኪያውን ይዩት። ሲበራ ወጥቶ ሲጠፋ ወዲያው ከወረደ ደህና ነው። በጨለማም ካልወረደ ልባጡ ተሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን አስተላላፊ ውሃ ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ብርሃኑ ኤሌክትሮን ያስነሳል፤ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ እንዳይገጥም ቮልቱ ወደ ካቶድ (ወደ ሌላኛው ኤሌክትሮድ) ይስበዋል። ኤሌክትሮኑ በተወው ክፍተት ከውሃ የሚወለደው ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ በጣም ንቁ ቅንጣት ነው ቀለሙን የሚበላው። የጣና ደለል ብርሃኑን ይጋርዳል። ጨዉ ትንሽ ስለሆነ ቮልቱ ኤሌክትሮዱ ጋ ሳይደርስ ውሃው ውስጥ ይባክናል። በሐይቁ ውሃ ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔት ደግሞ ራዲካሉን ቀለሙን ሳያገኝ ይሻማዋል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ውሃውን አሳድረው ያጥልሉ፣ ከዚያ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያሳልፉት። በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ፒኤችውን ወደ 4 ያውርዱና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዲወጣ 15 ደቂቃ አየር ይንፉበት። እዚያው አይተዉት፤ በአሲድ ውስጥ የልባጡ ገጽ ፖዘቲቭ ስለሚሆን እንደሱው ፖዘቲቭ የሆነውን ሜቲሊን ብሉ ይገፋዋል። በጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7 ይመልሱት። ለ1 ሊትር 7.1 ግራም ሶዲየም ሰልፌት (ውሃ አልባውን) ይጨምሩ። በመብራቱና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለው ውሃ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ተማሪዎቹ የዩቪ መነጽር ያድርጉ።

የገበታ ጨው? ይቅርብዎ። ቀለሙ ቶሎ ይነጣል፤ የሚያነጣው ግን አኖዱ (የተለበጠው ኤሌክትሮድ) ላይ የሚፈጠረው ክሎሪን ነው፣ እንደ በረኪና። ክሎሪን የገባባቸው ውህዶችም ይቀራሉ።

የዲስቲልዱንም ውጤት ይጠርጥሩት። የለቀቀውን ናሙና ግማሽ ጠርሙስ ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙና በደንብ ይናጡት። ሰማያዊው ተመልሶ ከመጣ ቀለሙ አልፈረሰም፤ ካቶዱ ላይ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ቀለም አልባ ሆኖ ነበር፣ ኦክስጅን ሲያገኝ ተመለሰ። ካልተመለሰም ሲኦዲ (በውሃው ውስጥ ያለውን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን የኦክስጅን መጠን) ይለኩ፤ ቀለሙ ጠፍቶ ስብርባሪው ሊቀር ይችላል።