ምድር ተገኘች፣ ግን ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም! ጠፈር ላይ ሆነው ምድርን ስለሚፈልጉ ሰዎች የሚተርከውን «ባትልስታር ጋላክቲካ» የተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ገና አሁን ነው የያዝኩት። አራተኛው ሲዝን መሃል ላይ ምድርን አገኙ ብዬ ስጨፍር ፍርስራሽ ሆና ቁጭ! ያኔ በቴሌቪዥን ይከታተሉ የነበሩት እንዴት ቻሉት? (ከአዳማ)

መልስ፦ የት ችለውት! ክፍሉ አሜሪካ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2008 ነው፤ ቀጣዩ የመጣው ጃንዋሪ 16 ቀን 2009። ሰባት ወር! አንተ ግን «ቀጣይ» የሚለውን ተጭነህ ታልፈዋለህ፣ ታድለህ። በዚያ ላይ የሆሊውድ ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ቀረጻውን አቋርጦት ስለነበር፣ ተከታታዩ እዚሁ ላይ ተቆርጦ ይቀር ይሆን የሚል ስጋት ነበር። አድሚራል አዳማ (የከተማህ ሞክሼ!) አፈር ዘግኖ ሲያነሳ የጨረር መለኪያው ጢቅ ጢቅ ሲል፣ ከዚያ ካሜራው ዝም ብሎ ፊታቸውን አንድ በአንድ ሲያሳይ ትዝ ይልሃል? ገሚሱ «ለዚህ ነው እስካሁን የጠበቅነው?» ብሎ ተናደደ፣ ገሚሱ ደግሞ ድፍረቱን አደነቀ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ከሁሉም በላይ ያከራከረው ግን በሰዎቹ መሃል ከተደበቁት ሳይሎኖች (ሰው መሳይ ሮቦቶች) አምስተኛው ማነው የሚለው ነበር። እሱን አልነግርህም፣ ዛሬ ማታ ራስህ እየው።