የተሸነፉት ሰዎች ስንቱን አስቀድመው አይተውት ነበር?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ አጥብቀው የተቃወሙት ሰዎች እንደነበሩ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። ምን ፈርተው ነበር? ፍርሃታቸውስ ዛሬ ሲታይ ልክ ነበር?
የታሪክ መምህር

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የቨርጂኒያ ግዛት ተወካይ ከነበረው ከጆርጅ ሜሰን ይጀምሩላቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1787 ፊላደልፊያ ላይ ሰነዱ ለፊርማ ሲቀርብ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው «አንፈርምም» ካሉት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሁለቱ ኤድመንድ ራንዶልፍና ኤልብሪጅ ጌሪ ናቸው።

የሜሰን የመጀመሪያ ቅሬታ የዜጎች መብት በሰነዱ አለመዘርዘሩ ነበር። ይሄ ሰሚ አገኘ። ሰነዱን ግዛቶቹ ማጽደቅ ነበረባቸው፤ የሜሰን ግዛት ቨርጂኒያ ያጸደቀችው በ89 ለ79 ድምፅ ነው። በዚህ ጠባብ ልዩነት ተቃዋሚን ችላ ማለት አይቻልም። በ1791 መብቶችን የሚዘረዝሩት የመጀመሪያዎቹ አሥር የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች ጸደቁ። የንግግርና የሃይማኖት ነፃነት የገባው በዚህ መንገድ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ብዙም የማይወራለት ቅሬታው ነው። የመጀመሪያው የተወካዮች ምክር ቤት 65 መቀመጫ ብቻ ነበረው። ሜሰን ይሄ የውክልና ጥላ እንጂ ውክልና አይደለም አለ። በጉባኤው የመጨረሻ ቀን ሰብሳቢው ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ተነስቶ፣ አንድ ተወካይ ለ40,000 ሰው የሚለው ወደ 30,000 እንዲወርድ ደገፈ። ዛሬስ? መቀመጫው 435 ላይ ከቆመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ ተወካይ በአማካይ ለ760,000 ያህል ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሰው በምን ጊዜው ሊያዳምጥ ይችላል? ሜሰን እዚህ ላይ ልክ ነበር፤ ያውም ከገመተው በላይ።

የሳቱትም አለ። «ብሩተስ» በሚል የብዕር ስም ኒው ዮርክ ላይ የጻፈው ተቃዋሚ፣ እንዲህ የሰፋ አገር በሪፐብሊክ ሊተዳደር አይችልም ብሎ ነበር። አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ብዙ እጥፍ ሰፍታለች፤ ሪፐብሊኩም አለ። ሜሰንም ቢሆን የባሪያ ንግድን እያወገዘ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። ይህንን ለተማሪዎችዎ አይደብቁባቸው።

አንድ ልጨምር። ሜሰን ፕሬዚዳንቱ ራሱ ያዘዘውን ወንጀል የፈጸሙ ሰዎችን በይቅርታ ነፃ ሊያወጣ ይችላል ብሎ ሰጋ። ከሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ የሆነው ጄምስ ማዲሰን የተወካዮች ምክር ቤቱ ይከሰዋል ሲል መለሰለት። እስከ ዛሬ በምክር ቤቱ የተከሰሱ ፕሬዚዳንቶች አሉ። በሴኔት ጥፋተኛ ተብሎ ከሥልጣን የተነሳ ግን አንድም የለም።