ሕዋሳት፣ ተሕዋስያን ወይስ ተሕዋስያኖች?

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ በአንታርክቲካ ስላለው የኤሬቡስ እሳተ ገሞራ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «በእንፋሎቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ረቂቅ ሕዋሳቶች ይኖራል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ባልደረባዬ «ሕዋሳት» ይበቃል አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ተሕዋስያን» ነው የሚባለው አለች። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እኔ ከሁለተኛዋ ጋር ነኝ። «ረቂቅ ሕዋሳት» በዜናም በጋዜጣም ስለተለመደ የሚፈርድብዎ የለም። ለእርስዎ ጽሑፍ ግን ልዩነቱ ዋጋ አለው።

ሕዋስ የአካል ትንሿ ክፍል ነው። የደም ሕዋስ፣ የቆዳ ሕዋስ እንላለን። ተሕዋሲ ግን ራሱን ችሎ የሚመገብና የሚራባ ሙሉ ፍጡር ነው። ባክቴሪያ መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ስለሆነ ሁለቱ ቃላት ይምታታሉ።

አሁን ኤሬቡስን እንይ። ተራራው ከባሕር ወለል 3,794 ሜትር ከፍ ይላል። ጫፉ አካባቢ ትራምዌይ ሪጅ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ እንፋሎት የሚወጣበት አፈር እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ጥቂት ራመድ ቢሉ መሬቱ ድርቅ ያለ በረዶ ነው። ብርሃን በሚደርስበት የአፈር ገጽ ላይ እንደ ሳያኖባክቴሪያ (በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች) ያሉት ይበዛሉ። የእነዚህ ዘመዶች በሌሎች የዓለም ሞቃት ቦታዎችም ስላሉ ነፋስ ሳያመጣቸው አልቀረም። ከገጹ በታች፣ ትኩስ በሆነው ጨለማ ውስጥ ግን ሌላ ቦታ እምብዛም ያልታዩ ዓይነቶች ተገኝተዋል። የአገሩ ተወላጆች ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ነፋስ የጣለው አንድ የሞተ ሕዋስ በረዶው ላይ ቢገኝ «ሕዋስ ተገኘ» ማለት ትክክል ነው። «ተሕዋስያን ይኖራሉ» ለማለት ግን እዚያው የሚኖር ነገር መኖር አለበት። በተራራው የበረዶ ዋሻዎች ውስጥ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። አንዳንዶቹ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆኑ ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም በብርሃን ምግብ መሥራት፣ አይታሰብም። እዚያ ያሉት ጉልበት የሚያገኙት ከጋዝ ወይም ከድንጋዩ ማዕድን እንደሆነ ይገመታል። የሰው ጫማ ይዞት የገባውን ከነባሩ ለመለየት ተመራማሪዎች ብዙ ይጠነቀቃሉ። ትራምዌይ ሪጅም ያለ ፈቃድ የማይገባበት ጥብቅ ቦታ ነው።

ወደ ሰዋስው ልመለስ። «ሕዋሳት» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «ኦች» መጨመር ድርብ ብዜት ይሆናል። «ተሕዋስያኖች»ም እንደዚያው። «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች» ስንል የምንሠራው ይህንኑ ነው። በወሬ መሐል ማንም ሰው ይለዋል፣ እኔም ጆሮዬን አይቆረቁረኝም። ለተማሪ በሚሰጥ ጽሑፍ ግን ይተውት። ነጠላው ተሕዋሲ፣ ብዙው ተሕዋስያን፣ የታወቁት ሲሆኑ ተሕዋስያኑ ይበሉ። «ተዋህስያን» የሚለውም ፊደል ቦታ ተቀያይሮበት ነው። ቃሉ የመጣው ከግዕዙ «ተሐውሰ» ነው፤ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። (ከአፈሩ ሥር ለሚኖሩት ለእነዚያ ተወላጆች የማይመች ስም ነው፣ ግን ስም ወጥቷል።)

ተማሪዎችዎ በመጽሐፋቸው «ደቂቅ ዘአካላት» የሚለውን ለምደው ከሆነ እሱን ይጠቀሙ። ዋናው ነገር በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አለመቀላቀል ነው።

የቀረው ግሡ ነው። «ተሕዋስያን» ብዙ ስለሆነ «ይኖራሉ» ይፈልጋል። «ይኖራል»ን ከወደዱት ስሙን ይለውጡ። «ብዙ ሰው መጣ» እንደምንለው «በአፈሩ ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ ይኖራል» ቢሉ አማርኛው አይጎረብጥም። ዓይነታቸው የተለያየ መሆኑን ማሳየት ሲፈልጉ ደግሞ «ባክቴሪያዎች ይኖራሉ» ይሻላል። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «በእንፋሎቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ»።