የስድስት ወር ሥራ፣ የ13 ወር ሊዝ

ዋሽንግተን ስቴት፣ ኬንት ከተማ ከእናትሽና ከወንድሞችሽ ጋር ትኖሪያለሽ። ቤልቪው መሀል ከተማ፣ በኤጀንሲ በኩል፣ የሶፍትዌር ቴስተር ሥራ አግኝተሻል፤ በሰዓት 38 ዶላር፣ ለስድስት ወር። «ጥሩ ከሠራሽ ቋሚ እናደርግሻለን» ብለውሻል። አሁን ለቢሮው ቅርብ ለሆነ ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ፣ የ13 ወር ሊዝ (የኪራይ ውል) ልትፈርሚ ነው። እናትሽ ደግሞ «ቤት እያለሽ ለባዕድ ኪራይ?» ብለው አኩርፈዋል። የጠየቅሽኝ «ልውጣ ወይስ ልቅር?» ነው።

ውጪ። ግን እዚያ ስቱዲዮ አትግቢ።

የሊዝ ቢሮዋ ልጅ የሠራችልሽን ስሌት አየሁት። ታክስ ሳይነሳ በወር 6,580 ዶላር ገደማ ታገኛለሽ፣ ኪራዩ 2,150 ነው፣ ገቢሽ ከኪራዩ ሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ «አልፈሻል»። እሺ አልፈሻል። ስሌቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ትሠሪያለሽ ብሎ ነው የተነሳው። ኤጀንሲው በሰጠሽ ወረቀት ላይ ያለው ስድስት ወር ብቻ ነው። «ቋሚ እናደርግሻለን» የሚለው የትም አልተጻፈም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሥራው ቢያልቅ ከሊዙ ሰባት ወር ይቀርሻል፤ 15,050 ዶላር ማለት ነው። የዋሽንግተን ሕግ አከራዩ ቤቱን ለሌላ ለማከራየት እንዲጥር ስለሚያስገድደው ሙሉውን ላትከፍይ ትችያለሽ። ሌላ ተከራይ እስኪገኝ ያለው ግን ካንቺ ኪስ ነው፤ ያውም ሥራ በሌለሽ ሰዓት።

ማስታወቂያው ላይ ያየሽው 1,985 ዶላርም አያታልልሽ። «አንድ ወር ነፃ» ያሉትን ለ13 ወር አካፍለው ያወጡት ነው። ውሉ ላይ የሚጻፈው 2,150 ነው፤ ሊዙ ሲታደስ ጭማሪው የሚሰላውም ከዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ደግሞ 12 ዓመት ያልሞላቸውን ሕንፃዎች አይመለከትም። ያንቺው ሕንፃ ገና ቀለሙ አልደረቀም። መኪና ማቆሚያው ለብቻ፣ ውሃና ቆሻሻው ለብቻ ይከፈላል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኪራይ የከበደው ሰው አለቃውን ይፈራል። አምስተኛው ወር ላይ ጠርተው «ቋሚ እናድርግሽ፣ በዓመት 62,000» ቢሉሽስ? አሁን በዓመት ሲሰላ 79,000 የሚሆን ክፍያ ነው ያለሽ። ወር ሲጠባ 2,150 የሚጠብቅሽ ከሆነ ትፈርሚያለሽ፤ ያውም አመስግነሽ። እኔ ሬድመንድ በኮንትራት ስሠራ ሬንተን ሁለት መኝታ ቤት ለአራት ነበር የተከራየነው። ሽንት ቤት በወረፋ ነበር። ኮንትራቱ ሲያልቅ ግን የመጀመሪያውን ሥራ «አይ» ለማለት አቅም ነበረኝ። እንቢ ያልኩት ሥራ ነው ለዛሬው ያበቃኝ።

ስለዚህ ክሮስሮድስ አካባቢ በየወሩ የሚታደስ ክፍል ፈልጊ። እዚያው ቤልቪው ነው፤ ቤቶቹ ያረጁ ናቸው፤ ራፒድራይድ ቢ አውቶቡስ መሀል ከተማ ያደርስሻል። ጠዋት ጠዋት 405 አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን እየረገጡ ከመዋል ይገላግልሻል። አከራይዋ ሐበሻ ብትሆንም በጽሑፍ ተዋዋሉ።

አሁን ወደ እናትሽ። በወር 900 ዶላር ለቤቱ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) እንደምትሰጪ ነግረሽኛል። ኩርፊያው «ለባዕድ ኪራይ» ሳይሆን ስለዚህ 900 ይመስለኛል። ነውር የለውም፤ እናትሽ ብቻቸውን ቤት ይዘው የሚጨነቁ ሰው ናቸው። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ግን በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ፦ የ26 ዓመቱ ወንድምሽ ይሠራል፣ እዚያው ይኖራል፣ አምስት ሳንቲም አያወጣም። ለምን? ሴቷ ስትወጣ «ቤት ጥላ ሄደች» የሚባለው፣ ወንዱ ቁጭ ብሎ ሲበላ ዝም የሚባለው ለምንድን ነው? ሦስታችሁ ቁጭ በሉና ቁጥሩን ጠረጴዛ ላይ አውጡት። አንቺ ለስድስት ወር 450 ስጪ፣ ሌላውን 450 እሱ ይስጥ። አልሰጥም ካለ ጥያቄው የእናትሽና የእሱ ነው። አንቺ መሀል ገብተሽ አትሸፍኚለት።

«ሳታገባ ወጣች ይባላል» ላልሽው፦ ይባላል። የሚቀጥለው ሰርግ ላይ ሌላ ወሬ ይመጣል።

አጎትሽ ኮሳይን ላድርግልሽ፣ ማለትም ውሉ ላይ ዋስ ልሁንሽ፣ ማለቱ ደግነት ነው፤ አትቀበዪው። ብትቸገሪ የሱም ክሬዲት (የብድር ታሪክ) አብሮ ይበላሻል። ያንቺን ክሬዲት ለመገንባት አንዲት ክሬዲት ካርድ ትበቃሻለች፤ በየወሩ ሙሉውን ክፈይ። ኤጀንሲውን ደግሞ የጤና ኢንሹራንስሽ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ሰኞ ጠይቂ፤ መልሱን በኢሜይል ይላኩልሽ።

ቋሚ ካደረጉሽ፣ በሚገባ ደሞዝ፣ ያኔ ስቱዲዮ እንፈልጋለን። ከቻልሽ በብርዱ ወራት ይሁን፤ ኪራይ ያኔ ትንሽ ይረክሳል።